በጫማ ክር የተሰፋው ስጦታ

በአውቶቡሱ መስኮት ጥግ የተቀመጡት ሽማግሌ ጫማ ሰፊ ናቸው። ጣቶቻቸው በወስፌ ደንድነዋል፤ የኮታቸው ክርን በቆዳ ተጠግኗል። ጉልበታቸው ላይ ከአሮጌ የመድኃኒት ካርቶን የሠሯትን ሣጥን በሪባን ያስራሉ፣ ይፈታሉ፣ ደግሞ ያስራሉ።

«አባባ፣ ምነው ዕረፍት ነሷት?» አለቻቸው አጠገባቸው የተቀመጠችው ሴት።

«የገና ስጦታ ናት፣ ልጄ። ከሪባኑ በቀር ሁሉም ከቤት የተገኘ ነው። አምና ለልጅ ልጄ የላክሁትን አሻንጉሊት በቆዳ ከረጢት ከትቼ አፉን በጫማ ክር ድርብ አድርጌ ሰፍቼ አሸግሁት። በመቀስ ቢሉ፣ በቢላ ቢሉ፣ ወይ ፍንክች! እኔ የሰፋሁት ዝናብ አያስገባም እያልሁ ስመጻደቅ፣ ለካ ባለቤቱንም አያስገባም!» ከሷ ቀድመው ሣቁ።

«የዘንድሮውስ ምንድን ነው?»

ክዳኑን ከፈቱላት። ከቦርሳ ቁራጭ የተሰፋች ቀይ የልጅ ጫማ ናት።

«ልኳ ነው?»

«በግምት ነው። ከእናቷ ጋር ከተኳረፍን ወዲህ ልጅቱን አላየኋትም።» ሪባኑን አላልተው አሰሩት። «ብትጠባትም አልጠላም። ያኔ እናቷ፣ አባዬ፣ ግባና እግሯን ለካ ማለቷ አይቀርም።»