የእትዬ ሞክ ሾርባና የሱንማያ ሞሞ

ሆንግ ኮንግ ውስጥ ጆርዳን በሚባለው ሰፈራችን እትዬ ሞክ ሳው ፎንግን የማያውቅ ሰው ካለ፣ ትናንት ከአውሮፕላን የወረደ መሆን አለበት። ስድስት ጠረጴዛ ባላት ጠባብ ቤቷ ሠላሳ ሁለት ዓመት ሙሉ ሽሪምፕ በስስ ሊጥ እየጠቀለለች ዎንቶን ሠርታለች። ከአጥንትና ከደረቀ ዓሣ የምታወጣው ሾርባ ስሙ የተጠራ ነው። ምላሷ ግን ከሾርባውም ይብስ ያቃጥላል። ምን ልዘዝ ብሎ የሚያመነታ ደንበኛ ካየች፣ “ልታገባው ነው እንዴ? ቶሎ ምረጥ!” ትለዋለች።

ከስድስት ዓመት በፊት ሱንማያ ጉሩንግ የምትባል ኔፓላዊት ከመንገዱ ማዶ ሞሞ ቤት ከፈተች። ሞሞ በዶሮ ሥጋ የተሞላ፣ በእንፋሎት የሚበስል ጥቅል ሊጥ ነው፤ በቲማቲም ዳጣ እያጠቀሱ ይበሉታል። እትዬ ሞክ በሯ ላይ ቆማ አየችና፣

“እሱ ምግብ ነው ወይስ ትራስ?” ብላ ጮኸች።

“የእርስዎን ለማግኘትማ መነጽር ያስፈልጋል!” አለቻት ሱንማያ፣ በጠራ ካንቶንኛ።

ከዚያ ወዲህ ሳይነቋቆሩ የዋሉበት ቀን የለም። ምሳዬን አንዷ ጋ፣ እራቴን ሌላዋ ጋ የምበላው እኔ ከሁለቱም ስወቀስ ኖርኩ።

ሌሊቱ ከዓመቱ ሁሉ የሚረዝምበት የታኅሣሥ አጋማሽ በዓል ሲመጣ እዚህ አገር ሰው ሁሉ ከቤተሰቡ ጋር ይበላል። ቤተሰብ የሌላቸው የሰፈሩ አዛውንት ደግሞ ለምሳ እትዬ ሞክ ጋ ይሰበሰባሉ። አምና በዚያው ቀን ጠዋት የሕንፃው የውሃ ቧንቧ ፈነዳ። ወጥ ቤቷ በውሃ ተጥለቀለቀ፣ የምድጃው እሳት ጠፋ። እትዬ ሞክ ባልዲ ገልብጣ ተቀመጠች።

ሱንማያ እጅጌዋን ሰብስባ መንገዱን ተሻገረች።

“እትዬ ሞክ፣ ይህ ድስት በየት በኩል ነው የሚያዘው?”

“ምን ልታደርጊው?”

“ላሻግረው ነዋ!”

“እዚያ ቅመም ቤት? ሾርባዬን ልታስነጥሺው ነው?”

“ታዲያ አዛውንቱን ምን ሊያበሏቸው ነው? ስድብ?”

እትዬ ሞክ ከባልዲው ተነሣች። የድስቱን አንድ ጆሮ እኔ፣ ሌላውን ሱንማያ ይዘን ተሻገርን። አንድ ታክሲ ጡሩምባውን ቢነፋብን እትዬ ሞክ ሾፌሩን እስከ ሰባት ቤቱ ሰደበችው።

በሱንማያ ጠባብ ወጥ ቤት ሁለቱ በክርን እየተገፋፉ፣ በእሳቱ መጠን እየተጨቃጨቁ ምሳውን አደረሱት። በግርግሩ መሀል ግን ሞሞ የገባበት የእትዬ ሞክ ሾርባ አባባ ላው ፊት ቀረበ። አባባ ላው ሰማንያ አራት ዓመት የሞላቸው ጡረተኛ ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ለሃያ ዓመት ከዎንቶን ሌላ አዝዘው አያውቁም። ስህተቱ ሲታወቅ አንዱን ጨርሰው ሁለተኛውን ጀምረዋል። ሾርባውን ጭልጥ አድርገው፣

“ይሄ ይጣፍጣል፤ ድገሙኝ” አሉ።

“ሃያ ዓመት ሙሉ ሳበላዎት ይጣፍጣል ብለውኝ ያውቃሉ?” ብላ እትዬ ሞክ ጭልፋዋን ይዛ ወጣች።

“ጠይቀሽኝ ታውቂያለሽ?”

ቤቱ በሳቅ ፈነዳ። እትዬ ሞክ ወደ ጓዳ ተመለሰች። ተቀየመች ብዬ ብከተላት፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ሞሞ ስታላምጥ አገኘኋት።

“ሊጡ ወፍራም ነው” አለቻት ምድጃው አጠገብ የቆመችውን ሱንማያን፣ አፏ እንደሞላ፤ ሌላም አነሣች። “ነገ ማሳሳቱን አሳይሻለሁ።”

“እኔም ሾርባውን ላሳይዎት?”

“አትድፈሪኝ!”

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት የእትዬ ሞክ ሾርባ ወደ ማዶ ይሄዳል፤ የሱንማያ ሞሞ በትሪ ወደዚህ ይመጣል። ስድቡም እንዳለ ነው።

ዘንድሮ የሱንማያ ልጅ ኔፓል ውስጥ ፖክሃራ ከተማ ላይ ተዳረች። እትዬ ሞክ በስድሳ አራት ዓመቷ ለመጀመሪያ ጊዜ አውሮፕላን ተሳፍራ ሄደች። ቪዲዮውን አይቼዋለሁ፤ በሠርገኛው መሀል እየዞረች፣ “ብሉ እንጂ፣ ይቀዘቅዛል!” እያለች በካንቶንኛ ትጮሃለች። ከሱንማያ ቤተሰብ በቀር ቋንቋዋን የሚሰማ አንድም ሰው የለም፤ ግን ሁሉም ይበላል።