ቢጫው ክኒን

ለተ ማርያም የመን፣ ኤደን ከተማ፣ መዓላ ሰፈር ሠላሳ ዓመት ልብስ ሰፍታለች። ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚለውን ተረት እንደ ጸሎት ነው የያዘችው። ዓሣ ስትገዛ ዓይኑን ሳታይ አትነካም፤ ባሏን ወንድማገኘሁን ደግሞ አፉን ሳታሸት ቤት አታስገባም። በዚህ እንኳ አይፈረድባትም። በድብቅ የሚሸጠው አረቄ ሰውየውን ጨርሶታል። ወደብ ላይ ክሬን የሚያስጠግነው አለቃው ሙንተሰርም፣ «አንድ ቀን ደግመህ ሸተህ ብትመጣ ኻላስ፣ አበቃ፣ ሥራ የለህም» ብሎታል።

ኮርማክሳር ከሚባለው ሰፈር ክሊኒክ የምትሠራው ዶክተር ሻዲያ ቢጫ ክኒን ሰጠችው። የመጠጥ አምሮትን እንደሚቀንስ በጥናት ተረጋግጧል፣ ተሳስቶ አረቄ ቢጠጣ እንኳ ክኒኑን እንዳያቋርጥ አለች። ወረቀቱ ላይ ግን «ለጨጓራ» ብላ ጻፈች፤ መጠጥ በተከለከለበት አገር የመጠጥ ነገር በወረቀት ከሰፈረ ፍተሻ ላይ ጣጣ አለው።

ለተ ማርያም አልተዋጠላትም። ወረቀቱ የሚዋሽ መድኃኒት ምን እውነት አለው? ቢጠጣም አያቋርጥ የሚልስ ከአረቄ ሻጩ በምን ይሻላል?

«ጥናቱ ማንን አየ? አንተን አየ?» አለችው።

እሱ ግን ዋጠ፤ አምስት ሳምንትም ሳይቀምስ ቆየ። እሷ ይህንንም ጠረጠረች።

በመሃሉ ከአገር ቤት ጸበል መጣላት። ጸበልና ክኒን አይገናኙም ሲባል ነው ያደገችው። አቁም ብትለው እሺ እንደማይል ስለምታውቅ ክኒኑን ዱቄት ቆርቆሮ ውስጥ ቀበረችና በምትኩ የራሷን ቢጫ ቫይታሚን ከረጢቱ ውስጥ አደረገችበት። ወንድማገኘሁ ጠዋት ጠዋት ጸበሉን ይጠጣል፣ ቫይታሚኑን ይውጣል፣ ሥራው ይሄዳል።

በዘጠነኛው ቀን፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ሙንተሰር ደግፎ አመጣው። ማሽተት እንኳ አላስፈለጋትም።

«ያ ኡኽቲ፣ እህቴ፣ ለአንቺ ስል አንድ ጊዜ ልለፈው» አላት። «ከዚህ በኋላ ግን አልችልም።»

በነጋታው ወንድማገኘሁ የክኒኑን ከረጢት ቆሻሻ ውስጥ ጣለው።

«አንድ ቀን አላጓደልኩም። ለሰው ሁሉ የሚሠራው እኔ ላይ እምቢ አለ። ልክ ነበርሽ ለቱ፣ ጥናቱ እኔን አላየም። እኔ የምድን ሰው አይደለሁም።»

በትዳራቸው ልክ ነበርሽ ሲላት የመጀመሪያው ነው። ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም ነበር። እሷ ግን ጓዳ ገባች፤ እጇ እስከ ክርኑ ዱቄት ሆኖ ተመለሰችና እውነተኞቹን ክኒኖች ፊቱ አስቀመጠች።

«የዋጥከው የእኔን ቫይታሚን ነው። የለወጥኩብህ እኔ ነኝ» አለችው።

ወንድማገኘሁ አንዷን ክኒን አነሣ። ከመዋጡ በፊት ግን አፍንጫው ሥር አስጠግቶ አሸተታት።