ተራዝሟል ያልኩ ዕለት

ዳንግላ መናኸሪያው አጠገብ ባለች ጠባብ ሱቅ ውስጥ ፎቶ ኮፒ አደርጋለሁ፣ ስልክ ቻርጅ አደርጋለሁ፣ ሚሞሪ ላይ ዘፈን እሞላለሁ። እነዚህ ሦስቱ በሩ ላይ ተጽፈዋል። ያልተጻፈው አራተኛው ሥራዬ የሰፈሩን ጥያቄ ሁሉ መመለስ ነው። "ዘይት ገባ ይላሉ፣ እውነት ነው?" "ነገ መብራት ይጠፋል እንዴ?" "የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት መቼ ነው የሚወጣው?" ስልክ ከእጄ ስለማይለይ ብቻ መንግሥት እኔን ሳያማክር ምንም የማያደርግ ይመስላቸዋል።

ሰው የሚያምነውን ወሬ እንዴት እንደሚመርጥ እዚያች ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ ነው ያየሁት። ራዲዮናቸውን ቻርጅ ሊያስደርጉ የሚመጡ አንድ አዛውንት አሉ። ዜና የሚያምኑት አንባቢው ረጋ ብሎ ካነበበው ብቻ ነው። ሲጣደፍ ከሰሙት ወዲያው ይዘጉታል።

"ምን አስቸኮለው? የሚደብቀው ነገር ቢኖር ነው።"

"አባባ፣ ሰዓት አልቆበት ነው እኮ።"

"ታዲያ በጊዜ አይጀምርም?"

እናቴ ደግሞ ወሬው የተናገረውን ሰው ራሱን ካልጎዳው አታምንም። በርበሬ ረከሰ ያለችው ሴት ራሷ በርበሬ ሻጭ ከሆነች፣ በቃ፣ ረክሷል። ገዢ ከሆነች ግን ምኞቷን ነው የምታወራው።

እኔስ? እኔ የማምነው ማህተም ነበር። ፌስቡክ ላይ የሚጻፈውን ስሰድብ እውልና ክብ ማህተም ያረፈበት ወረቀት ፎቶ ሳይ አፌ ይዘጋል። ቀኑን ሙሉ የሰው ማስረጃ ኮፒ ሳደርግ ስለምውል ይሆናል። ማህተም የሌለው ወረቀት ይዞ ቢሮ ሄዶ ጉዳዩ የተፈጸመለት ሰው አይቼ አላውቅም።

ከሱቃችን ፊት ለፊት ሻይ የምትሸጥ ሴት አለች። ከእኔ አሥር ዓመት ያህል ትበልጣለች፤ እታለም ነው የምላት። ሁለት ልጆቿን ብቻዋን ታሳድጋለች። ስትስቅ በአማርኛ፣ ስትናደድ በአዊኛ ነው። ሾፌር ሁሉ እሷ ዘንድ ስለሚያርፍ ከጫግኒ እስከ ባሕር ዳር ያለው ወሬ መጀመሪያ እሷ ጆሮ ይደርሳል። ለማመን ግን የራሷ ሕግ አላት። ሾፌሩ ሻይ ሳይቀርብለት የተናገረው እውነት ነው፤ ብርጭቆውን ይዞ የተናገረው ጨዋታ ነው።

"ሁለተኛ ካዘዘማ፣" ትላለች፣ "ከዚያ በኋላ የሚለውን ማታ ለልጆቼ ተረት አደርገዋለሁ።"

ያለ ምርመራ የምታምነው እኔን ብቻ ነበር። አንድ ቀን ለምን እንደሆነ ጠየቅኳት።

"ለፋሲካ ያሰፋሁትን ቀሚስ ድንኳን ይመስላል አላልሽኝም?"

"አዎ። ይመስላል።"

"ይኸው! ሌላው ሁሉ አማረብሽ አለኝ። አንቺ አፍሽ ክፉ ስለሆነ መዋሸት አይሆንልሽም።"

እንደ ሹመት ቆጠርኩት። ለሁለት ቀን ያህል አንገቴን ቀና አድርጌ ሄድኩ።

እታለም በዚያ ሰሞን ባጃጅ መንዳት ትማር ነበር። ወንድሟ አንድ ባጃጅ አለው፣ መንጃ ፈቃድ ካወጣች ሊሰጣት ተስማምቷል። ግን ትዕግሥት የሌለው ሰው ነው፤ ይህ ዙር ካለፋት ለሌላ ሾፌር እንደሚሰጠው ቁርጡን ነግሯታል። ሦስት ወር ሙሉ ጠዋት ጠዋት ሻይ ሳታፈላ በፊት ስትለማመድ ከረመች። ፈተናው ማክሰኞ እንጅባራ ላይ ነበር።

ሰኞ ከሰዓት በኋላ አንድ ፎቶ ቴሌግራሜ ላይ ገባ። የመንጃ ፈቃድ ተፈታኞች በሙሉ፣ ፈተናው ለሚቀጥለው ወር ተራዝሟል ይላል። ከግርጌው ደማቅ ሐምራዊ ማህተም ግጥም ብሏል። ምን ጠበቅኩ? መንገዱን በሩጫ ተሻገርኩ።

"እታለም፣ ፈተናሽ ተራዝሟል!"

"ማን አለ?"

"ማህተም አለው።"

"አንቺ አይተሽዋል?"

"በዓይኔ።"

"እሰይ! ወደ ኋላ መንዳቱ ገና እያስቸገረኝ ነው፣" አለችና ማንቆርቆሪያውን ምድጃው ላይ ጣደች። ሌላ ማንንም አልጠየቀችም። እዚያው አጠገቧ ከእንጅባራ የመጡ ሁለት ሾፌሮች ተቀምጠው ነበር።

በማግስቱ ሦስት ሰዓት ላይ አንድ የእንጅባራ ሚኒባስ ገባ። ሾፌሩ ገና አንድ እግሩ መሬት ሳይነካ ጮኸ።

"አንቺ፣ ፈተናሽ ዛሬ አልነበረም እንዴ? ሜዳው በተፈታኝ ሞልቷል እኮ!"

ሻይ አላዘዘም ነበር።

እታለም ከመንገዱ ማዶ ቀና ብላ እኔን አየችኝ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ስልኬን አወጣሁና ፎቶውን አሰፋሁት። ማህተሙ ያረፈው ልክ ዓመተ ምሕረቱ ላይ ነው። በሐምራዊው ቀለም ሥር አተኩሮ ላየ ሰው ቁጥሩ ይነበባል። ወረቀቱ የአምና ነበር።

"እታለም፣ የአምና ነው።"

በአዊኛ መለሰችልኝ። ምን እንዳለች አልጽፈውም።

አዛውንቱ ራዲዮናቸውን ይዘው በር ላይ ቆመዋል። "አባባ፣ ሱቁንም የእሷን ማንቆርቆሪያም ይጠብቁልን፣" አልኳቸውና የእታለምን እጅ ይዤ ወደ መናኸሪያው ሮጥኩ። "ቻርጁስ?" ሲሉ ከኋላዬ ሰማሁ።

ያው ሚኒባስ ተራው ደርሶ ለመመለስ እየጫነ ነው። አምስት ሰው ይጎድለዋል፤ ሳይሞላ ደግሞ አይንቀሳቀስም። ደቂቃው ሲሄድ ተራ አስከባሪው ጠጋ አለኝ፤ ጢሙ የሸበተ፣ ሁሉን የሚያውቅ ሰው ነው።

"አንቺን ያምኑሻል፣" አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ነዳጅ አልቋል፣ ከዚህ በኋላ መኪና የለም በይ። አሁኑኑ ይሞላል።"

እውነቱን ልናገር፣ አፌን ከፍቼ ነበር። እታለም በመስኮት አንገቷን አወጣች።

"ተይ! እነሱም እንደኔ ሊሯሯጡ ነው?"

የተከፈተ አፍ እንዲሁ አይዘጋም፣ በተለይ የእኔ። ሚኒባሱ በር ላይ ወጣሁና ጮኽኩ፦ "ስሙኝማ! ትናንት ለዚች ሴት ፈተናሽ ተራዝሟል ብዬ የሌለ ወሬ ነገርኳት። ፈተናው አሁን እየተካሄደ ነው። ዛሬ እንጅባራ የሚሄድ ካለ አሁን ይግባልን!"

መናኸሪያው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ከዚያ ሳቁ ፈነዳ።

"ለእኔም መብራት ይመጣል ብለሽኝ ነበር!" አለች አንዲት ዘንቢል የያዘች ሴት።

"መጣ አይደል?"

"በአራተኛው ቀን!"

"መቼ እንደሆነ አልነገርኩሽም እኮ!"

እየሳቀች ገባች። ከሰዓት ሊሄዱ ያሰቡ ሁለት ሰዎችም ተከተሏት፣ አንድ ሌላም ተጨመረ። አንድ ሰው ሲጎድል ሾፌሩ ራሱ "በሉ ዝጉት፣ የቀረውን አዲስ ቅዳም ላይ እንጭናለን" አለ።

በመንገዳችን ባለችው አዲስ ቅዳም የጎደለው ሰው ከሁለት ማዳበሪያ ከሰል ጋር ተገኘ። ጣሪያው ላይ እስኪጫን መቀመጥ ስላልቻልኩ ወርጄ ማዳበሪያውን ከሥር ገፋሁ። ስመለስ ፊቴ ምን እንደመሰለ ባላውቅም፣ ከዳንግላ ጀምሮ ያላናገረችኝ እታለም ነጠላዋን ዘርግታ በከሰል የጠቆረ አፌን ጠረገችው። ጠንከር አድርጋ ነው የጠረገችው። ከዚያ ሁለት እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ የሌለ መሪ ጨብጣ ወደ ኋላ መንዳት መለማመዷን ቀጠለች።

እንጅባራ እንደ ልማዷ ታካፋለች። ሜዳው ጋ ስንደርስ የተፈታኞችን ዝርዝር የያዘ ሰውዬ ወረቀቱን ገለጠ። "ስምሽ ተጠርቷል፣ የለችም ተብሏል።"

እታለም "አረፈድኩ" ብቻ አለች። እኔ መካከል ገባሁ። "ጥፋቱ የእኔ ነው ጋሼ፣ ይህን አይቼ ነው የነገርኳት።" ስልኩን አሳየሁት። ተቆጥቶ የሚያባርረን መስሎኝ ነበር፤ ሳቀ።

"ይህን ወረቀት ዛሬ ካሳዩኝ ሰዎች አምስተኛዋ ነሽ። ሂዱና እዚያ ካሉት ጋር ቁሙ፣ መጨረሻ ላይ ትገባለች።"

የአምና ወረቀት ያሰለፋቸው ሰዎች ዝናብ ላይ ቆመው ነበር። አብረናቸው ቆምን። ተራዋ ሲደርስ ወደ ፊት አሳምራ ነዳች። ወደ ኋላ ስትገባ ከተተከሉት እንጨቶች አንዱን ነካችው፤ እንጨቱ ተወዛወዘ፣ ግን አልወደቀም። ሰውዬው ወረቀቱ ላይ ጻፈ። ውጤቱ ሐሙስ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል ተባልን።

"ፎቶ አንስተው ይልኩታል፣ እንደመጣ እነግርሻለሁ፣" አልኩ ከልማድ የተነሳ።

"አንቺ?" አለች።

ሐሙስ ጠዋት ፎቶው መጣ። መጀመሪያ ዓመተ ምሕረቱን አየሁ፣ ከዚያ ማህተሙን፣ ከዚያ ስሟን። አልፋለች! መንገዱን ስሻገር እታለም ፊቴን አየችና የሻይ ማጥለያውን እንደ ትራፊክ ፖሊስ አነሳችብኝ።

"እንዳትነግሪኝ!"

"እታለም፣ እኔ እኮ..."

"ዝም በይ አልኩሽ! ራሴ ሄጄ አያለሁ። ሻዩን ያዢልኝ።" ነጠላዋን አጣፍታ ሚኒባስ ላይ ወጣች።

እስከ ስድስት ሰዓት ለሾፌር ሁሉ ሻይ ስቀዳ ቆየሁ። የመጣው ሁሉ አንድ ነገር ይጠይቀኛል፤ ውጤቱ ወጣ? አለፈች? "እኔ ምን አውቄ፣" እላለሁ። ምላሴን አሳከከኝ። በዚያ ሰፈር ከእኔ አፍ ያ ቃል ተሰምቶ ስለማያውቅ አንዱ ሾፌር አሞሽ ነው ወይ አለኝ።

ሚኒባሱ ሳይቆም ዘላ ወረደች።

"አልፌያለሁ!"

"እውነትሽን ነው?" ብዬ ጮኽኩ።

"በዓይኔ አየሁት! ስሜን በጣቴ ነካሁት!" ብርጭቆውን ከእጄ ነጥቃ ራሷ ቀዳችልኝ፣ አጠገቤ ተቀመጠችና ከመናኸሪያው እስከ ሰሌዳው ድረስ ያለውን አንድም ሳታስቀር ትነግረኝ ጀመር። እኔም ምንም እንዳልሰማ ሰው አፌን ከፍቼ አዳመጥኳት።