ዝም ያለው ጸናጽል

ባለፈው ዓመት በፍልሰታ ጾም የሆነ ነው። ቢቸና ቢሮዬ ቁጭ ብዬ ትዝ ሲለኝ ብቻዬን ፈገግ እላለሁ። ባልደረቦቼ ለየላት ሳይሉኝ አይቀሩም።

አባቴ ሞጣ ውስጥ መሪጌታ ናቸው፤ ማኅሌት ሲመሩ ነው ያረጁት። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ፓርኪንሰን የሚባል የአንጎል በሽታ ያዛቸው። ክፋቱ ደግሞ እጃቸው የሚንቀጠቀጠው ሲያርፍ ነው። ማኅሌቱ ጋብ ብሎ ሁሉም ጸጥ ሲል የእሳቸው ጸናጽል ብቻውን ይንሿሿል። ኪኒን ታዘዘላቸውና ትንሽ ተሻላቸው።

ጾሙ እንደገባ ስደውል መድኃኒቱን ትቼዋለሁ አሉኝ። ጠዋት ኪኒን መዋጥ ጾም መግደፍ ነው ባይ ናቸው። ደግሞም በሬዲዮ ሰምተዋል፤ አንጎል ውስጥ ዘረ መል እያስገቡ ለአንዴና ለመጨረሻ ጊዜ የሚፈውሱበት ሕክምና እየመጣ ነው፤ እሱን ይጠብቃሉ። ጸናጽሉም ብሶበት ተማሪዎች ስለሳቁባቸው ማኅሌት መቆም ትተዋል። አባቴን ከማኅሌት መለየት ማለት በቁም መቅበር ነው።

በማግስቱ ሚኒባስ ይዤ ሞጣ ገባሁና እየተነጫነጭኩ ሐኪም ቤት ወሰድኳቸው። የሚያክሟቸው ዶክተር ሰሚራ ከወሎ ተመድባ የመጣች ወጣት ናት። ተቆጪልኝ አልኳት።

እሷ እቴ! ወንበሯን ጠጋ አድርጋ በሬዲዮ ምን እንደሰሙ ጠየቀቻቸው፤ እስኪጨርሱም አላቋረጠቻቸውም። ከዚያ ነገሩ እውነት መሆኑን፣ ግን ገና ምርምር ላይ እንዳለ ነገረቻቸው። ዘረ መሉ አንዴ ከገባ በኋላ ከልክ በላይ እንዳይሠራ ስለሚሰጋ፣ አንዳንድ ተመራማሪዎች ከመድኃኒት ጋር ሊያስተሳስሩት እየሞከሩ ነው። በሽተኛው ኪኒኑን ሲውጥ ዘረ መሉ ይነቃል፣ ሲተው ይተኛል።

አባቴ ዓይናቸው በራ።

«መሪው ምልክት ካልሰጠ ከበሮው አይመታም። እንደዚያ ነው?»

«እንደዚያ ነው፣ አባባ።»

የሰው ልጅ እዚህ ደረሰ እያሉ ሲደነቁ ቆዩና ድንገት ወደ ዶክተሯ ዞሩ።

«ቆይ እስቲ ልጄ፣ ያኔም ኪኒን መዋጥ አይቀርም ማለት ነው?»

«አይቀርም፣ አባባ።»

እንዲያ ሲስቁ አይቻቸው አላውቅም። «እንግዲያው ከአሁኑ ልልመደው» አሉ።

የጾሙ ጥያቄ ግን ገና አልተመለሰም። ዶክተሯ ይሄ መድኃኒት እንዲያውም በባዶ ሆድ ቢወሰድ እንደሚሻል ነገረቻቸው። በጸበል ብውጠውስ አሏት። ጸበልም ውሃ ነው፣ ምንም አይል አለች። የነፍስ አባታቸውም የዚያኑ ዕለት ፈቀዱላቸው።

ፍልሰታ ሲፈታ አባቴ ማኅሌት ቆሙ። እኔ ከሴቶቹ ጋር ሆኜ፣ ጸጥ ባለ ቁጥር ትንፋሼን ዋጥ አድርጌ አዳምጥ ነበር።

በሽታው አልለቀቃቸውም፤ ይልቀቃቸዋል ብሎ የነገረንም የለም። ያ ምርምር ደርሶ ባየሁ ብዬ እመኛለሁ። ያቺ ልጅ ግን የአባቴን ጾምም ተስፋም ሳትነካ መድኃኒቱን ስላስዋጠቻቸው እስከ ዛሬ ትገርመኛለች፤ ባሰብኳት ቁጥር እመርቃታለሁ።

የበዓሉ ዕለት ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ዶክተሯ ደወለች። እንኳን አደረሳችሁ ብላ፣ ወዲያው «ጸናጽላቸውስ?» አለችኝ።

«ዝም ብሏል» አልኳት።