ከኋላዬ የመጣው «አቤት»

ባለፈው ሳምንት መታወቂያ ላሳድስ ወረዳ ሄጄ ነበር። ጸሐፊዋ በመስኮት ብቅ ብላ «አቶ ዳዊት መኮንን!» ስትል ዝም አልኩ። ደግማ ስትጠራ ጎኔ የተቀመጡት ሴትዮ «እርስዎን አይደል እንዴ?» አሉኝ። መስማቱንስ ሰምቻለሁ። ስሜ ሲጠራ ጥቂት መጠበቅ ከኮሌጅ ያመጣሁት አመል ነው።

ያኔ፣ ኮሌጅ ሳለሁ፣ መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመታት አልፈው ነበር፤ የአቃቂ ባቡር ገና ያፏጫል። «ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» ይባል የለ? እኔ ሦስት ተክዬ ነበር፤ ትምህርቱን፣ የድራማ ክበቡንና የካራምቡላ ቤት ጓደኞቼን። የሒሳብ አያያዝ ትምህርት ከድራማ ልምምዱ ጋር ስለሚጋጭ፣ አብሮኝ የሚማረው አብሮ አደጌ ታሪኩ ስሜ ሲጠራ «አቤት» ይልልኝ ነበር። መምህሩ ከወረቀታቸው ቀና አይሉም። እናቴ ይህን ስትሰማ ግን ፊቷ ጠቆረ።

«ስምህን ለሌላ አፍ አታስለምድ» አለችኝ። ሳቅኩባት።

ሰኔ ገባ። ጭቃው ጫማ ያወልቃል፣ ጭጋጉ ከወንዙ ተነስቶ ሐዲዱን ይውጣል። በብዛት የቀረ ተማሪ ለፈተና አይቀመጥም። አባቴ ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ተቀንሶ ቤት ስለዋለ፣ ዓመት መድገም ለኔ ትምህርት መተው ነበር። የሰፈራችን ስልጤ ባለሱቅ በር ላይ ትኩስ ቦምቦሊኖ ስበላ፣ በልምምድ ተጠምጄ ለወራት ያላየሁት ታሪኩ ከስቶ፣ ነጠላ ተከናንቦ መጣ።

«ይቅር በለኝ ዳዊቴ። ታይፎይድ ጥሎኝ ከፋሲካ ወዲህ ክፍል አልገባሁም» አለኝ።

ቦምቦሊኖውን ጥዬ ተነሳሁ። መምህሩን ልለምን ሮጥኩ።

«አንተ መች ቀርተህ ታውቃለህ?» አሉኝ። «ፊትህን ባላውቀው ድምፅህን አውቀዋለሁ። ከኋላ፣ ከመስኮቱ በኩል ነው።»

ደስ ሊለኝ ሲገባ፣ ታሪኩ ካልገባ የማን ድምፅ ነው እያልኩ ወጣሁ። በማግስቱ ከፊት ተቀመጥኩ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ስሜ ተጠራ፤ አፌን ሳልከፍት ከኋላ «አቤት» አለ፣ በእኔው ድምፅ። ዞርኩ። ባዶ ወንበር፣ የተከፈተ መስኮት።

«እዚህ ነኝ! እኔ ነኝ!» ብዬ ጮህኩ።

«ሰማሁ እኮ!» አሉ መምህሩ። ክፍሉ ሳቀ።

የድራማ ክበቡን ተውኩ፤ ፈተናውንም እንደ ምንም አለፍኩ። ያን ትምህርት ሳይቀር የተከታተለው ግን ያ ከመስኮቱ በኩል የሚመልሰው ነው፤ ዲፕሎማው በስሜ ይሁን እንጂ።

ከዚያ ወዲህ ስሜ ሲጠራ ቀድሞኝ የሚመልስ እንዳለ አዳምጣለሁ። ወረዳው ውስጥም ማንም አልመለሰም። እፎይ በማለት ፈንታ ቅር አለኝ፤ ሁሉም ቦታ ልድረስ ይል የነበረው የያኔው እኔ ከዚያ ድምፅ ጋር እዚያው ክፍል የቀረ መሰለኝ። በመጨረሻ እኔው «አቤት» አልኩ። ድምፄ የሽማግሌ ድምፅ ነበር።