የሸሪፍ ጉድጓድ

አዲስ ዓለም ሰፈር፣ ከዋናው መንገድ ዳር፣ ጃቢር የሚባል ሸማኔ ነበር። ጎንደር ውስጥ ሸማኔ ሞልቷል፤ እንደ ጃቢር ያለ ነገረኛ ግን አንድ ለናቱ ነው። ጋቢ ያዘዘ የወገራ ገበሬ ከገበያ መልስ ጎራ ብሎ "ምነው ቆየሳ?" ካለው፣ እጄ ላይ ሞተር አልተገጠመም ብሎ ይመልስለታል። ገበሬው አይቀየምም። የጃቢርን ጋቢ የለበሰ ብርድ አይነካውም እየተባለ እስከ አምባ ጊዮርጊስ ድረስ ይወራል፤ ሰውየው ክፋቱ አፉ ላይ ብቻ ነው።

የሚሠራው በረንዳው ላይ ነው። በረንዳው ላይ ደግሞ ሁለት ጉድጓዶች አሉ። የሸማኔ ሥራ አይቶ የማያውቅ ሰው የምን ጉድጓድ ብሎ ቢገረም አይፈረድበትም። ሸማኔ መሬት ላይ ይቀመጥና እግሩን ጉድጓድ ውስጥ ይሰዳል፤ ከታች ያለውን መረገጫ በየተራ እየረገጠ ድሩን ይከፍታል፣ ይዘጋል። ስለዚህ ጉድጓድ እንደ ጫማ ነው፤ በባለቤቱ እግር ልክ ይቆፈራል፣ ልጅ ከሆነ ደግሞ ባደገ ቁጥር ጥቂት ጥቂት ይጨመርለታል። የሌላ ሰው ጉድጓድ ውስጥ እግር መስደድ ነውር ነው። በጃቢር ቤተሰብ ከዚህ ሌላ ከአያት ከቅድመ አያት የወረደ አንድ ደንብ አለ፤ ጉድጓድ የሚደፈነው ባለቤቱ ሲሞት ብቻ ነው። አባቱ የሞቱ ዕለት ጃቢር ከቀብር እንደተመለሰ ልብሱን እንኳ ሳይቀይር የእሳቸውን ጉድጓድ በገዛ እጁ ደፍኖታል።

ከሁለቱ ጉድጓዶች አንዱ፣ ከግድግዳው ጥግ ያለው፣ የጃቢር ነው። ሌላው፣ ከመንገዱ ጋር ፊት ለፊት የገጠመው፣ የታናሽ ወንድሙ የሸሪፍ ነው። ሸሪፍ ግን የለም።

አባታቸው ሲሞቱ ሸሪፍ ገና ልጅ ነበር። አባትም ወንድምም ሆኖ ያሳደገው ጃቢር ነው፤ በረንዳው ጠርዝ ላይ አስቀምጦ፣ እግሩን በክር ለክቶ፣ ጉድጓዱን የቆፈረለትም እሱ ነው። ከጥግ ሊያደርግለት አስቦ ነበር። ልጁ ግን መንገድ ካላየሁ እጄ አይታዘዝልኝም አለ። እውነቱን ነው፤ ዐይኑ ድሩ ላይ ውሎ አያውቅም። አውቶቡስ ገና በሩቁ ጥሩንባውን ሲያሰማ፣ ሳያየው፣ ይኼ የእንፍራንዝ ነው፣ ይኼ የደባርቅ ነው ይላል፤ አይስትም። ክሩን በድሩ መካከል የሚያሳልፍበትን መወርወሪያ በእጁ እንደያዘ አውቶቡሱ ከዐይኑ እስኪጠፋ በዚያው ይቀራል። ጃቢር ይቆጣል፣ ልጁ ይስቃል፣ ከዚያ ሁለቱም ወደ ሥራቸው ይመለሳሉ። ጃቢር ኋላ ሲያስበው፣ በሕይወቱ ከዚያ የበለጠ ደስታ አላገኘም።

ደርግ ወድቆ መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ቆይቶ፣ የመተማ መንገደኛ በበዛበት ጊዜ፣ ገና ጢም ያላበቀለው ልጅ ልቡ ሸፈተ። ሱዳን ሄጄ ሠርቼ ልምጣ አለ። ጃቢር አኮረፈ፤ እህል በአንድ ገበታ እየበሉ ብዙ ቀን ሳይነጋገሩ ሰነበቱ። ልጁ ከሐሳቡ እንደማይመለስለት ሲያውቅ ግን የአባታቸውን የቆዳ ቦርሳ ከቆጥ አውርዶ፣ አራግፎ ሰጠው። ያን ጊዜ አውቶቡስ ከበረንዳው ፊት ለፊት ይቆም ነበር። ሸሪፍ አንድ እግሩን ደረጃው ላይ ሰቅሎ ዞር አለ።

"ጉድጓዴን እንዳትደፍናት" አለው።

"ግባ፣ ማኪናው ጥሎህ እንዳይሄድ" አለ ጃቢር። ቦርሳውን ከታች አቀበለው።

ከዚያ በኋላ ገዳሪፍ ላይ አየነው የሚሉ ነጋዴዎች መጡ። ቀጥሎ ፖርት ሱዳን ነው ተባለ። ከዚያ ወሬው ጠፋ። ጃቢር ሒክማን አገባ፤ መርዋ ተወለደች፣ አደገች፣ ተዳረች። ሸሪፍ አልመጣም። ጃቢር ግን ጠዋት ጠዋት የራሱን ሥራ ሳይጀምር የወንድሙን ጉድጓድ ይጠርጋል። ቅጠሉን ይለቅማል፤ ክረምት ዝናብ ከገባበት በጣሳ ይቀዳል፤ ሲመሽ በሳንቃ ይከድነዋል። ናፈቀኝ ብሎ ለማንም ተናግሮ አያውቅም። አውቶቡስ ጥሩንባውን ሲያሰማ ግን እጁ ቀጥ ትላለች። የቱ የእንፍራንዝ፣ የቱ የደባርቅ እንደሆነ ለይቶ አያውቅም፤ ያን የሚያውቀው ሸሪፍ ነበር። ስለዚህ ለሁሉም ቀና ይላል።

በሁለት ሺ ስድስት ዓመተ ምሕረት ገደማ ነው የፈጣን አውቶቡስ ነገር የመጣው። ከአዘዞ ተነሥቶ ከተማውን ሰንጥቆ ወደ ሰሜን የሚወጣ፣ ከአውቶቡስ በቀር ሌላ የማይገባበት ሰፊ መንገድ ሊሠራ ነው ተባለ። አንድ ቀን ሰፈርተኛው ሲነቃ ግድግዳው ሁሉ የሚፈርሰውን የሚያሳይ ቀይ ምልክት ተቀብቷል። የጃቢር ቤት እስከ ጓዳው ድረስ፣ የጎረቤቱ የወርቅአፈራሁ ሻይ ቤት ደግሞ ሙሉ በሙሉ ከመስመሩ ውስጥ ገባ። ወርቅአፈራሁ ባሏ ከሞተ ወዲህ በዚያች ሻይ ቤት ልጆቿን ያስተማረች ጠንካራ ሴት ናት። ቤት ለቤት ዞራ ሰው የሰበሰበች እሷ ናት፤ ጃቢርን ይናገርልን ብላ ያስመረጠችም እሷው። አፉ ለአንድ ቀን እንኳ ይጥቀመን አለች።

ስብሰባው ቀበሌ አዳራሽ ነበር። ከማዘጋጃ ቤቱ የመጣው መሐንዲስ መለሰ ይባላል፤ ለጋ፣ ትሑት፣ ሲናገር ላብ ላብ የሚለው ወጣት። ግድግዳው ላይ የሰቀለው ሥዕል ግን ትሑት አልነበረም። ጽድት ያለ መንገድ፣ ግራና ቀኙ ዛፍ፣ ከዛፉ ሥር ወዝ ያላቸው ሰዎች እጅ ለእጅ ተያይዘው ሲሄዱ ያሳያል። አህያ የለም፣ ጭቃ የለም፣ ከሰፈሩ ሰውም አንድ የሚታወቅ ፊት የለም። ሰው ሁሉ ስለ ቤቱ፣ ስለ ደንበኛው፣ ስለ ምትክ ቦታው አነሣ። ጃቢር ተራው ሲደርስ ስለ ቤቱ ምንም አላለም። አውቶቡሱ እኛ ጋ ይቆማል ወይ ብሎ ጠየቀ።

መለሰ እንደማይቆም አስረዳ። ፌርማታው ከታች፣ ከገበያው ማዶ ነው፤ አውቶቡሱን ፈጣን የሚያደርገውም በየቦታው አለመቆሙ ነው አለ።

"እንግዲያ ከሩቅ አገር የመጣ ሰው ቤቱን በመስኮት አይቶ ያልፋል ማለት ነው?" አለ ጃቢር።

አዳራሹ በሣቅ ሞላ። ቀልድ መስሏቸው ነው፤ ቀልደኛ ሲያዝን ማን ያምነዋል። ጃቢር ፊቱን አጥቁሮ ተቀመጠ።

ክርክሩ ክረምቱን አልፎ እስከ ጥምቀት ዘለቀ። ሰፈርተኛው ወጣ፣ ወረደ፣ ከቢሮ ቢሮ ተንከራተተ። በመጨረሻ የማይሆን የመሰለው ሆነ፤ መንገዱ ይጥበብ ተባለ። ቤቶቹ ተረፉ። ከመንገድ ዳር የሚነሣው በረንዳ ብቻ ነው፤ እሱም ሙሉው አይደለም፣ ግማሹ። ወርቅአፈራሁ እልል አለች፤ ያን ቀን ለሰፈሩ ሁሉ ሻይ በነፃ ቀዳች። ጃቢር ወደ ቤቱ ሄዶ አዲሱን ምልክት አየ። ቀዩ መስመር በሁለቱ ጉድጓዶች መካከል ያልፋል። የእሱ ጉድጓድ ተርፏል። የሸሪፍ ከመንገዱ ገብቷል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ተቃዋሚው ጃቢር ብቻ ሆነ። አልስማማም፣ አልፈርምም አለ። እሱ ካልፈረመ ደግሞ የሁሉም ውል ይዘገያል፤ ከዘገየ የፊተኛው ሰፊ መስመር ይመለስ ይሆናል የሚል ወሬ ተነዛ። እስከ ትናንት ያሞገሰው ሰው ሲያየው መንገድ መቀየር ጀመረ። ወርቅአፈራሁ አንድ ከሰዓት በኋላ መጥታ ከበረንዳው ጠርዝ ተቀመጠች። በልጆቿ ለመነችው። ለግማሽ በረንዳ ብለህ የሁላችንንም ቤት ታስበላለህ አለችው። ጃቢር መወርወሪያውን አስቀመጠ።

"ወርቅአፈራሁ፣ ይችን ጉድጓድ ስትደፈን ቆሜ ካየሁ ሸሪፍን ቀበርኩት ማለት ነው" አላት። "በሕይወት ያለ ሰው በምን አንጀቴ ልቅበር?"

ወርቅአፈራሁ ነጠላዋን ወደ ዐይኗ አስጠግታ ተነሥታ ሄደች። ሸሪፍን ታስታውሰዋለች፤ ሻይ ሲጠጣ ስኳሩን የሚያበዛ፣ ለሳቅ የሚቸኩል ልጅ ነበር።

የካቲት ውስጥ መለሰ ከቀያሾቹ ጋር የመጨረሻውን ልክ ሊወስድ መጣ። ካስማ ይተክሉና ገመድ ይወጥራሉ። ካስማው የሚተከለው ከሸሪፍ ጉድጓድ ጠርዝ ላይ ነው። ሰፈርተኛው ጃቢር ምን ያደርግ ይሆን እያለ ከየበሩ ወጥቶ ያያል። ጃቢር ከቤት ወጣ። ሳንቃውን አነሣ። ዕድሜውን ሙሉ አድርጎት የማያውቀውን፣ ነውር ነው እየተባለ ያደገበትን ነገር አደረገ፤ እግሩን ከወንድሙ ጉድጓድ ውስጥ ሰደደ። ካስማችሁን በላዬ ትከሉት አለ፤ ድምፁ እስከ ሻይ ቤቱ ተሰማ።

ከዚያ ሊቀመጥ ወደ ታች ዝቅ አለ።

እግሩ ወዲያው መሬት ነካ። ገና ሳይዘረጋ። ጉልበቱ ተጣጥፎ ወደ ደረቱ መጣ። እንደምንም ሊያስተካክለው ሞከረ፤ ተረከዙን ወደ ኋላ ሳበ፣ ወገቡን አጠፈ። አልሆነም። ጉድጓዱ የልጅ ነው። እጁን በግድግዳው ላይ ሲያሳልፍ የገዛ መቆፈሪያው ምልክት ነካው፤ በክር ለክቶ የቆፈረው፣ ልጁ ከሄደ ወዲህ ማንም ያልጨመረበት።

ያን ጊዜ ነው ለጃቢር ነገሩ የገባው። ይህን ሁሉ ዓመት ከአውቶቡስ ሲወርድ በልቡ ያየው ሸሪፍ ትልቅ ሰው ነበር፤ ጢም ያለው፣ ምናልባትም ጠጉሩ ገባ ገባ ያለ። ያ ትልቅ ሰው ወርዶ፣ ስቆ፣ ጉድጓዱ ውስጥ ገብቶ ሥራውን ሲጀምር ነበር የሚታየው። ጠዋት ጠዋት የጠረገው ግን ለዚያ ሰው የሚሆን ቦታ አልነበረም። ሸሪፍ ዛሬ ቢመጣ እንኳ እዚህ ውስጥ አይቀመጥም። እዚህ ውስጥ የሚቀመጠው ልጅ ከየትም አይመጣም፤ ሱዳንም ውስጥ የለም፣ በምድር ላይም የለም።

ጃቢር ግንባሩን ጉልበቱ ላይ ደፍቶ አለቀሰ። ሰፈርተኛው በረንዳው ተወስዶበት ነው ብሎ አዘነለት። መለሰ ገመዱን ጥሎ ከጎኑ ተንበረከከ።

"አያ ጃቢር፣ ይነሡ፤ ዛሬ አንለካም" አለው።

ሒክማ ብቻ ገባት። ከደጃፍ ቆማ የባሏን ጉልበት አየች፣ የጉድጓዱን አፍ አየች፤ መጥታ በብብቱ ይዛ አነሣችው። ጃቢር ፊቱን በጋቢው ጠረገና ወደ መለሰ ዞረ። እፈርማለሁ አለ። ብቻ ጥቂት ቀን ስጡኝ፤ ይህን ጉድጓድ ከእኔ በቀር ማንም አፈር አይጥልበትም አለ። መለሰ ሰጠው።

በማግስቱ ጃቢር የቤቱን የፊት ክፍል ባዶ አደረገ። ሳጥኑን፣ መደቡን፣ ሒክማ የምትወደውን ቁም ሳጥን ሳይቀር አወጣ። ሒክማ አልተናገረችም፤ እሷ ያልተናገረችበት ቀን ስለማይገኝ ጎረቤት ሁሉ ገረመው። ከግድግዳው ላይ፣ ወደ መንገዱ በኩል፣ ትንሽ መስኮት ከፈተ። ከመስኮቱ ሥር መቆፈር ጀመረ። የሚወጣውን አፈር በዘንቢል እየሞላ ወደ በረንዳው ይወስድና ከሸሪፍ ጉድጓድ ውስጥ ይገለብጠዋል። ከአዲሱ የወጣ አፈር ወደ አሮጌው ገባ፤ ከሌላ ቦታ አንድ ዘንቢል አልተጨመረም። ወርቅአፈራሁ ሆድ ብሷት ደፈንከው እንዴ ብላ ስትጠይቀው አልደፈንኩትም፣ አዛወርኩት አላት።

የበረንዳው ግማሽ ፈረሰ፤ መንገዱ ተጠረገ፣ ጠጠር ፈሰሰበት። ከዚያ በጀት ነው፣ ጥናት ነው፣ ሌላ ነገር ነው ተባለ። ፈጣኑ አውቶቡስ እስከዛሬ መንገድ ላይ ነው። በእሱ ቦታ ባጃጆች ይርመሰመሳሉ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ የገበያ አህዮች እንደ ልባቸው ይሄዱበታል። ጃቢር በዚህም ነገር መፈለጉን አልተወም፤ መለሰን ሲያገኘው ምነው ዘገየ፣ ሞተር አልተገጠመለትም እንዴ ይለዋል።

ቁፋሮው ባለቀ ዕለት ሒክማ ከአዲሱ ጉድጓድ አፍ ላይ ቆማ ወደ ታች አየች። ከጃቢር ጉድጓድ ይልቃል።

"የመርዋ አባት፣ በማን እግር ለካኸው?" አለችው።

"በአባቴ፤ ጉድጓዱን በእጄ ስለደፈንኩት ልኩ አይጠፋኝም" አላት። "ሸሪፍ ሲያድግ አባቱን ነው የሚወጣው ይሉ ነበር። ከዚያም ትንሽ ጨመርኩበት።"

"ቢጠልቅበትስ?"

ጃቢር ወደ ጓሮ ዞሮ ጠፍጣፋ ድንጋይ መርጦ አመጣ፤ አጠበው፣ ከጉድጓዱ አፍ አጠገብ አስቀመጠው። ቢጠልቅበት ከእግሩ ሥር የሚደረግ ነው። ጃቢር ጠዋት ጠዋት ሲጠርግ ድንጋዩን ያነሣና ከሥሩ ጠርጎ እዚያው ይመልሰዋል።