የሚኒስትሩ ከረባት

ከስካይላይን ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ ቤት ስንቀይር ካመጣናቸው ካርቶኖች ዛሬ ጠዋት የመጨረሻውን ስከፍት የአባዬ ጥቁር ከረባት ወጣ። እንደታሰረ ነው። ታላቅ ወንድሜ ዮናስ ከረባት ማሰር አይችልም ነበር፤ አባዬ አንዴ ካሰረለት በኋላ ቋጠሮውን ሳይፈታ በጭንቅላቱ ያጠልቀዋል። አሁንም የዮናስን የፀጉር ቅባት ይሸታል።

ዮናስ እዚህ አሜሪካ አሌክሳንድሪያ ሃይስኩል ሲማር፣ ክላሳቸው ኢኮኖሚዋ የተናጋ የአውሮፓ አገር መንግሥት ሆኖ እንዲጫወት ተደረገና የገንዘብ ሚኒስትርነቱ ለእሱ ደረሰው። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሳሎናችን ፓርላማ ሆነ። ሚኒስትሩ ይህን ከረባት አጥልቆ በጭብጨባ ይሾማል፣ ጡረታ ሲቀንስ ሕዝቡ ይነሳበታል፣ በመጨረሻም ሥልጣኑን ለቆ ብቻውን ይወጣል። እማዬ ሶፋው ላይ ምስር እየለቀመች፣ "ክቡር ሚኒስትር፣ በጀቱ ይቆይና ቆሻሻውን ማን ያውጣ?" ትለዋለች። እኔ ሕዝቡ ነበርኩ። ካልሲ ጠቅልዬ እንደ እንቁላል እየወረወርኩበት "ይውረድ! ይውረድ!" እላለሁ። ዮናስ በሩን ከፍቶ ዞር ይልና "ሕዝቤ፣ አትሸኘኝም?" ይለኛል፤ እኔም በካልሲ እመልስለታለሁ። ከዚያ ኮሪደሩ ላይ ቆሞ ሲስቅ ይሰማኛል።

የትምህርት ቤቱ ፕሮጀክት ካለቀ በኋላም ጨዋታው ከቤታችን አልወጣም። አባዬ ታሞ ታክሲ መንዳት ሲያቆም ዮናስ ኮሌጁን ትቶ ሥራ ገባ፤ ወጪ ለመቀነስ የቲቪውን ኬብል አስቆረጠ፣ እኔንም ከሶከር ክለቡ አስወጣኝ። ያን ቀን "ይውረድ!" ያልኩት ከልቤ ነበር። እሱ ግን እንደ ድሮው ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳኝ።

ባለፈው ወር ዮናስን ደረቱን ሲያመው ሰንብቶ፣ እማዬ ሆስፒታል ልትወስደው መኪናውን ለማሞቅ ቀድማ ወጣች። እኔ ሶፋው ላይ ሄድፎኔን ባንድ ጆሮዬ አድርጌ ጌም እጫወታለሁ። በሩን ከፍቶ ዞር አለ።

"ሕዝቤ፣ ዛሬም አትሸኘኝም?"

ዓይኔን ከስክሪኑ ሳላነሳ እግሬ ሥር የነበረውን ካልሲ ወረወርኩበት። ኮሪደሩ ላይ ሲስቅ ሰማሁት። ከሆስፒታል አልተመለሰም።

ሰው ሁሉ "ምን ታውቅ ነበር?" ይለኛል። እውነት ነው፣ አላውቅም ነበር። ግን ሶፋው ከበሩ ሩቅ አልነበረም። እማዬ ያንን በር ማየት ስላልቻለች ነው ቤት የቀየርነው።

ነገ አርባው ነው። አባዬ ከረባቱን ፈቶ ለአንገቴ ልክ ሊያስርልኝ እጁን ዘረጋ። አልሰጠሁትም። በጭንቅላቴ አጠለቅሁትና እስከ በሩ ሄጄ ከፈትኩት። ኮሪደሩ ንጹሕ ነው፣ አዲስ ቀለም ይሸታል። ዮናስ በዚህ በር ወጥቶ አያውቅም።